ጉደታ ሞተር የሚያጠፋበት ቁልቁለት

ጉደታ ቱሳ በአሰላ ሾፌሮች ዘንድ የታወቀው በፍጥነቱ አልነበረም፤ በቁልቁለቱ ነበር። ከከተማው ወጥቶ ወደ ዴራ የሚያወርደው መንገድ ሲጀምር ማርሹን ከጥርሱ አውጥቶ ፎሌ ያደርግና ሞተሩን ያጠፋል። ከዚያ የጫነውን ገብስ በመኪናው ክብደት ብቻ እያንሸራተተ ሜዳው ድረስ ያወርደዋል። በመንገዱ ዳር የሚኖሩ ሰዎች ጎማ ጠጠር ሲፈጭ ብቻ ይሰሙና «ጉደታ አለፈ» ይባባላሉ። እርግጥ ሞተር አጥፍቶ መውረድ የእሱ ፈጠራ አይደለም፤ ያን ጊዜ የአርሲ ሾፌር ናፍታ ለመቆጠብ ነፍሱን የሚያሲዝ ጉደኛ ነበር። ጉደታ ግን ከሁሉም ቀድሞ ያጠፋል፣ ከሁሉም ዘግይቶ ያስነሳል። የመኪናው ባለቤት የእህል ነጋዴው አቶ ገብረሥላሴም «የእኔን ንብረት እንደ እሱ የሚያስብልኝ የለም» እያሉ ያወሩለት ነበር።

አቶ ገብረሥላሴ ተሳስተዋል። ጉደታ ሞተሩን የሚያጠፋው ከሚስቱ ጋር ለመነጋገር ነበር።

ሚስቱ ሀጂራ ቅቤ ነጋዴ ናት። ከበቆጂ የሚመጣላትን ቅቤ ቅዳሜ ቅዳሜ ናዝሬት ወስዳ ትሸጣለች፤ ስትሄድም ጋቢና ውስጥ ከባሏ ጎን ተቀምጣ ነው። ቤታቸው ሰው አይጠፋበትም። እናቱ አዴ ዘሀራ አሉ፣ እህቶቹ አሉ፣ ከገጠር ለጉዳይ የመጣ ዘመድም አይታጣም። እዚያ ቤት ባልና ሚስት የሚለዋወጡት ቃል «ውሃ አለ?» እና «በሩ ተዘግቷል?» ከሚለው ብዙም አያልፍም። ጉደታ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ከሞተር ጩኸት ጋር ውሎ ሲገባ ጆሮው ይጮህበታል፤ የሀጂራ ድምፅ ዝቅ ያለ ነው፣ ጮኻ መናገር አትችልበትም። እውነቱን ለመናገር ትዳራቸው ይኖር የነበረው ቁልቁለቱ ላይ ነው። ሞተሩ ጸጥ ሲል እሷ ትጀምራለች፤ ስለ ገበያው፣ ስላየችው ሕልም፣ ስለ ጎረቤት ጠብ። አንዳንዴም እስካሁን ስላልመጣው ልጅ፣ ቀስ ብላ። ሜዳው ላይ ሞተሩ ሲነሳ ወሬው ይቆማል፤ የሚመጣው ቅዳሜ ካቆመበት ይቀጥላል።

በስልሳ አራት ዓመተ ምሕረት አቶ ገብረሥላሴ አሮጌዋን መኪና ሸጠው ተርቦ የሚሉት አየር መግፊያ ያላት አዲስ መኪና አመጡ። ዳገት ላይ ስታፏጭ ሰው ከሱቁ እየወጣ ያያት ነበር። መካኒኩ ገብረ መድህን ጉደታን ጠራውና ኮፈኑን ከፍቶ በሞተሩ ጎን የተገጠመች አንዲት ትንሽ ፓምፕ አሳየው። የቤንዚን ሞተር አየር በራሱ ይስባል፣ ፍሬኑም በዚያ ስበት ይታገዛል ብሎ ጀመረ። የናፍታ ሞተር ግን እንዲያ ያለ ስበት የለውም፤ ተርቦ ሲጨመርበትማ ጭራሽ አየር የሚገፋ ይሆናል። ስለዚህ ይህች ፓምፕ የፍሬኑን ፔዳል ከሚያግዘው ክብ ቆርቆሮ አየሩን እየመጠጠች ወደ ሞተሩ ሆድ ትተፋዋለች፤ ሞተሩም ከዘይቱ ጢስ ጋር በመተንፈሻው ቱቦ ያስወጣዋል። ጉደታ ቱቦውን በጣቱ ነካ አድርጎ ጣቱን አሸተተ።

«ሞተሩ ከቆመ ፓምፗም ቆመች» አለው ገብረ መድህን። «ቆርቆሮው ውስጥ በቀረው አንድ ሁለቴ ትረግጥ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ፔዳሉ ድንጋይ ነው። አሮጌዋ በእግርህ ጉልበት ብቻ ትይዝ ነበር፤ ይህችን ግን ቁልቁለት ላይ እንዳታጠፋት።»

ጉደታ በአንድ ጆሮው ሰምቶ በሌላው አፈሰሰው ብሎ ማማት ግፍ ነው። ገብቶታል። ብዙ ሳምንት ሞተሩን ሳያጠፋ ወረደ። ሀጂራም ተርቦው ሲያፏጭ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ትቀመጥ ነበር። አንድ ቅዳሜ ግን ቁልቁለቱ ሲጀምር ክንዱን ያዝ አደረገችው።

«አጥፋው፤ የምጠይቅህ አለ» አለችው።

ምን እንደሆነ ጠርጥሯል። ከወር በፊት እናቱ ለብቻው ጠርተው፣ ጮሌ ከተማ ውስጥ ደህና ቤተሰብ ያላት ልጅ አለች፣ ሁለተኛ አድርገህ አግባትና ዘር ይኑርህ ብለውት ነበር። እሺም አላላቸው፣ እምቢም አላላቸው፤ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ለሀጂራም አልነገራትም። አሁን ክንዱን ይዛ ስትለምነው እምቢ ማለት አቃተው። ለአንድ ቀን ብዙ ሳልረግጥ እወርዳለሁ ብሎ ራሱን አታለለና ማጥፊያውን ሳበው።

ጸጥ አለ። ሀጂራ ጊዜ አላጠፋችም። አዴ ዘሀራ ወደ ጮሌ ሽማግሌ መላካቸውን ከሰው አፍ ሰምታለች። «አንተ ታውቃለህ?» አለችው።

ጉደታ መልስ ሲፈልግ ጠመዝማዛው ደረሰ፤ ከጠመዝማዛው ማዶ ደግሞ ከብቶች መንገዱን ሞልተውታል። ረገጠ፤ ፍሬኑ ያዘ። ለቀቀና ደገመ፤ ያዘ። ሦስተኛው ላይ እግሩ ግድግዳ የመታ መሰለው። በሁለት እግሩ ቢቆምበትም ፔዳሉ ንቅንቅ አላለም፤ መኪናዋ ከነገብሷና ገብሱ ላይ ከተቀመጡት ነጋዴዎች ጋር እየፈጠነች ወረደች። ሀጂራ ቢስሚላሂ ስትል ሰማት። ማጥፊያውን ወደ ውስጥ ገፋ፣ ፍሪሲዮን ረግጦ ማርሽ አስገባና ለቀቀው። መኪናዋ እንደ መደናቀፍ ብላ ጮኸች፣ ሞተሩ ተነሳ፣ ፓምፗም መምጠጥ ጀመረች። ፔዳሉ ከእግሩ በታች ቀስ እያለ ሲለዝብ ተሰማው። የመጨረሻዋ ላም ጭራዋን እያወዛወዘች ከፊታቸው ስትሻገር ቆሙ።

ከኋላ ነጋዴዎቹ ዛሬ ምን አስቸኮለው ብለው ተቆጡ። ጉደታ ሜዳው ድረስ ሞተሩን ሳያጠፋ ወረደ። ሀጂራ ጥያቄዋን አልደገመችም።

ከዚያ ወዲያ ሞተሩ ቁልቁለት ላይ ጠፍቶ አያውቅም፤ ለዚህ ማንም አይወቅሰውም። የሚያሳፍረው ሌላ ነው፤ ጉደታ ጩኸቱን ወደደው። የተርቦው ፉጨት ጋቢናውን እስከሞላው ድረስ መልስ መስጠት አይጠበቅበትም። ቤት ሲገቡ ሰው አለ፤ መንገድ ላይ ሞተር አለ። በዚህ መሃል ሳምንት ሳምንትን እየተከተለ ሄደ፤ አዴ ዘሀራም የልጃቸውን ዝምታ እንደ እሺታ ቆጥረው ቀን መቁረጥ ጀመሩ። ሀጂራ አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። አንድ ዓርብ ልብሷን አጥባ ስታጣጥፍ አያት። ነገ ቅቤውን ናዝሬት ሸጣ ከዚያ ወንድሟ ዘንድ በቆጂ እንደምትሄድ ነገረችው። መቼ እንደምትመለስ አልጠየቃትም፤ ፈራ።

በማግስቱ ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ሲደርስ ጉደታ መኪናዋን ወደ ዳር አወጣ። የእጅ ፍሬኑን ሳበ። ወረደና ድንጋይ ለቅሞ በጎማዎቹ ሥር አስቀመጠ፤ ተመልሶ ገባና ሞተሩን አጠፋ። ከታች የዴራ ሜዳ በጉም ተሸፍኗል። ነፋሱ ብቻ ይሰማል።

«አውቅ ነበር» አላት። «ስትጠይቂኝ አውቅ ነበር። አዴ አግባት ስትለኝ ዝም አልኳት።»

 «ዝም ያልከው እኔን ነው» አለችው ሀጂራ።

እውነት ነበር። ወላሂ አላገባም አላት፤ ዛሬውኑ ተመልሶ እህቶቹ ባሉበት ለእናቱ እንደሚናገር፣ ጮሌም ራሱ ሄዶ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ነገራት። ልጅ ከመጣ አልሐምዱሊላህ፣ ካልመጣም አብረው ያረጃሉ። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ተናገረው፤ በሕይወቱ ይህን ያህል ተናግሮ አያውቅም። ሀጂራ የሻሿን ጫፍ ወደ ዓይኗ ወሰደች። ወንድሟ ዘንድ እንደምትቀር ወይም እንደማትቀር አልተናገረችም፤ ግን የምትለው ነበራት፤ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ።

ይኼኔ ከኋላ የጋቢናው ጣሪያ ተደበደበ። ምን ተበላሸ፣ ገበያው አለፈን እኮ፣ አሉ ነጋዴዎቹ። አንዱ ውሃ ጨርሳ እንደሆነ ጠየቀ፤ ሌላው ተርቦ የሚሉት ነገር ድሮም አላማረኝም አለ። ጉደታ በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ ወደ ኋላ ተመለከተ።

«መኪናዋ ደህና ናት» አላቸው። «ከባለቤቴ ጋር እያወራሁ ነው።»

ሳቁበት። አንዱ ለሌላው እየደገመ ደግመው ሳቁ። ጉደታ መስኮቱን ዘጋና ወደ ሀጂራ ዞረ።

«በይ» አላት፤ «እሰማሻለሁ።»