ከመለጠፉ በፊት የደወለችው አራሚ

ጋዜጣው ወረቀት ላይ መታተሙን አቁሞ ኢንተርኔት ላይ ብቻ መውጣት ሲጀምር እርማት ክፍል የቀረችው አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። ሃያ ስድስት ዓመት የሰው ጽሑፍ ስታርም የኖረች፣ ባልደረቦቿ «ነጠላ ሰረዝ» የሚሏት፣ መነጽሯ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ የሚንጠለጠል። ማተሚያ ማሽኑ ተነቅሎ ሲወጣ ሌሎቹ እንባ ሲቀድማቸው እሷ፣ «እሰይ፣ ከቀለም ሽታ ተገላገልን» አለች። ከአንገት በላይ ነበር። ቤቷ ገብታ ለባሏ፣ «ኢንተርኔት ላይ ስህተት ከወጣ በኋላም ይታረማል አሉ። ከእንግዲህ ማን ይፈልገኛል?» አለችው።

አዲሱ አዘጋጅ በዕድሜ ልጇ ይሆናል። «እትዬ» ብሎ ያከብራታል፤ ሥራ ግን አይሰጣትም። ወር ሙሉ ወንበር ስታሞቅ ከረመች።

አንድ ረቡዕ ጠዋት የሁሉም ስልክ አንድ ላይ ጮኸ። ተማሪዎች ለጉብኝት ይዞ የወጣ አውቶብስ የድልድይ አጥር ጥሶ ወንዝ ገባ፣ የተረፈ የለም የሚል ወሬ ከነፎቶው ከስልክ ስልክ ይዘላል። የቢሮው ጽዳት ሠራተኛ ልጅ ከተማሪዎቹ አንዷ ናት። እናትየው መወልወያዋን ጥላ ኮሪደሩ ላይ ዘፍ አለች።

«ሌሎቹ ለጥፈውታል፣ ተቀደምን! ቶሎ በሉ!» አለ አዘጋጁ፣ ላብ አጥምቆት።

አራሚዋ ከኋላው ቆማ አነበበች። «ማን ነው የነገረን?»

«እትዬ፣ አገር ምድሩ እያወራው!»

«አገር ምድሩን ተወው። በዓይኔ አየሁ ያለ አለ?»

አዘጋጁ ስልኩን ከላይ እስከ ታች ፈተሸ፤ አንድም አላገኘም።

«እንግዲያው አምስት ደቂቃ ስጠኝ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።»

ትምህርት ቤቱ ስልክ አያነሳም። ትራፊክ ፖሊስ መስመሩ ተይዟል። ድልድዩ አጠገብ ያለው ነዳጅ ማደያ ድሮ ጋዜጣው ላይ ማስታወቂያ ያወጣ ስለነበር ቁጥሩን ከአሮጌ እትም ፈልጋ ደወለች። ያነሳው ሰውዬ ሳቀ።

«ኧረ ምን ነካችሁ! ጎማ ፈንድቶባቸው እኛ ግቢ ቆመዋል። ልጆቹ ኳስ እየተጫወቱ ነው።»

«አውቶብሱ ቀለሙ ምንድን ነው?»

«ሰማያዊ።»

ፎቶው ላይ ያለው ቢጫ ነበር። ከልጆቹ ጋር ያለችውን መምህር አስጠርታ አነጋገረች፤ ከዚያ ልጅቷን አስቀረበችና ስልኩን ለእናትየው ሰጠቻት።

«እማዬ፣ ምሳዬን ከአሁኑ በላሁት፤ ትቆጪኛለሽ?» አለች ልጅቷ።

እናትየው ሳቅና ለቅሶ ተቀላቀለባት።

«ተማሪዎቹ ደህና ናቸው» የሚለው ዜና ከመምህሯ ድምፅ ጋር ወጣ። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሲላቀሱ የነበሩ ወላጆች እርስ በርስ እያሳዩት ተቃቀፉ። የቀደሙትም የለጠፉትን አንድ በአንድ አወረዱ።

አዘጋጁ የራሱን ወንበር ስቦ ከኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጣት። «እትዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ እርስዎ ሳያዩት የሚለጠፍ የለም።»

«ይሁን እሺ፤ ግን መጀመሪያ ፊቴን ልታጠብ» ብላ ወጣች። ቧንቧውን ከፍታ መነጽሯን አወለቀች። ምን ያህል ፈርታ እንደነበር ያወቀችው ገና አሁን ነው። እፎይ ብላ፣ ውሃው እየፈሰሰ፣ ብቻዋን ሳቀች።