ነጥቧ ያረፈችበት ቤት

ከጓሳው አፋፍ በታች ባለችው መንደር ወሰንየለሽ ያላለቀሰችበት መቃብር የለም። ሙሾ አውራጅ ናት። ድምፅዋ ሲነሣ እንደ ጉም መገለጥ ነው፤ መጀመሪያ ቀጭን ነገር ይታያል፣ ከዚያ አገሩ በሙሉ። ቆንቋናውን ለጋስ፣ ጨካኙን ደግ አድርጋ ትሸኘዋለች። «አንቺ እያለሽማ መሞት አያስፈራም» እያሉ ይቀልዱባታል።

አንድ ልጅ አላት፣ ጫኔ የሚባል። ረጅም ስለሆነ በር ሲገባ ሁልጊዜ ጎንበስ ይላል፤ እሷም «ጉበኑን ሰላም አልከው?» ትለዋለች። ቤታቸው የመንደሩ መጨረሻ ናት። ከጓሯቸው ጀምሮ ያለው ጓሳ የጋራ ነው፤ ለክዳንና ለገመድ በተራ የሚታጨድ፣ ከዚያ ውጭ ማንም የማይነካው ሣር።

በየካቲት ያ ሣር ነደደ። ጭሱ ነፍስ ያለው ይመስል ቀጥ ብሎ ወጣ፣ ላይ ሲደርስ ደግሞ እንደ ዋርካ ተዘረጋ።

እሳቱ በጠፋ ሰሞን ይሥሐቅ የሚባል ወጣት ባለሙያ ከደብረ ብርሃን መጣ። ሥራው ከሳተላይት ምስል ተነሥቶ ስንት ቶን ጭስ እንደወጣና ጭሱ ምን ያህል ከፍ እንዳለ መገመት ነው። የመጣውም ከሣሩ ናሙና ሊወስድ እንጂ ጥፋተኛ ሊፈልግ አልነበረም። የመንደሩ ሽማግሌ ጋሽ መኳንንት ግን ላፕቶፑ ላይ ጎንበስ ብለው አንዲት ቀይ ነጥብ አዩ።

«ይቺ ምንድን ናት?»

«ሳተላይቱ እሳቱን መጀመሪያ ያየው እዚህ ነው።»

«የማን ቤት ነው?»

ይሥሐቅ ምስሉን አቀረበላቸው። ጣሪያው የወሰንየለሽ ነበር።

እሱ «መጀመሪያ ያየው» አለ፤ ሽማግሌው «የተነሣው» ብለው ሰሙ። እሳቱ በአንድ ሰፊ ካሬ ውስጥ የትም ሊሆን እንደሚችል፣ ነጥቧም የካሬው መሐል ብቻ መሆኗን፣ ሳተላይቱ በቀን ጥቂት ጊዜ ብቻ እንደሚያልፍ፣ ያን ጠዋትም ከመንደሩ በታች ያለው ገደል ጉም ለብሶ እንደነበር የጠየቀ የለም፣ የነገራቸውም የለም። ይሥሐቅ ሣሩን በከረጢት ቋጥሮ ሄደ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አውጫጭኝ ተጠራ፤ መንደሩ ተሰብስቦ ጥፋተኛ የሚለይበት ሸንጎ ነው።

«እኔ እኮ ያን ቀን ቀየት ገበያ ነበርኩ፣ ጋሼ» አለ ጫኔ።

«ሳተላይቱ ገበያ አልሄደም» አሉ መኳንንት።

ሰው ሳቀ። ጫኔም አብሮ ሳቀ፤ ቀልድ መስሎት ነበር።

ተፈረደ። ጫኔ ጥፋቱን እስኪያምን ድረስ ማንም ለዚያ ቤት እሳት እንዳይጭር፣ ለቅሶ እንዳይደርስ፣ ቃሬዛ እንዳይዝ። ጫኔ ያላደረገውን አላምንም አለ። «ክብሪት አለን፣ እማዬ» ይላታል ማታ ማታ።

ሐምሌ ላይ ደረቱን ወጋው። ትንፋሹ ያፏጭ ጀመር። መሐል ሜዳ ከተማ ሐኪም አለ፤ በዚያ ጭቃ ግን ያለ ሰው ትከሻ አይደረስም። ወሰንየለሽ ያለቀሰችላቸውን ቤቶች ሁሉ አንኳኳች። መጨረሻ ላይ መኳንንት በር ቆመች።

«አራት ትከሻ ብቻ፣ ጋሼ።»

«ይመንና ስምንት እሰጥሻለሁ።»

በዝናብ ተመለሰች። «እመን ልጄ። ዋሽና እመን።»

ጫኔ ዓይኑን ሳይገልጥ፣ «እሺ፣ አቃጠልኩ አለ በይልኝ» አላት።

ሮጣ ሄዳ ነገረቻቸው። መኳንንት ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «ይህ በመልእክተኛ አይሆንም፤ ራሱ መጥቶ ይበለው።»

ስትመለስ እሳቱ ጠፍቶ ነበር። ጫኔም አልነበረም።

ቄሱና ዲያቆኑ ብቻ መጡ። ጉድጓዱን እነሱ ቆፈሩ፤ የልጇን ቁመት ግን እሷ ለካች፣ ከጓሳ በተገመደ ገመድ። ገመዱ አጠረና ሌላ ቀጠለችበት። ከዚያ ተቀባይ በሌለበት ሙሾዋን ብቻዋን አወረደች፤

የጭሱን ቁመቱን ሰማይ ሲለካልኝ፣
የልጄን ቁመቱን ማን ገመድ ያዘልኝ።

በኅዳር ይሥሐቅ ውጤቱን ይዞ ብቅ አለ። ጭሱን ከሁለት አቅጣጫ ያነሣ ሌላ ሳተላይት ተገኝቶ ቁመቱ ከዚያ ተሰልቶ ነበር። ዝቅ ያለ ጭስ የታችኛውን ነፋስ ይከተላል፣ ከፍ ያለው የላይኛውን። ቁመቱ ሲታወቅ ጭሱን የነዳው ነፋስ ታወቀ፤ ነፋሱን ወደ ኋላ ሲከተሉት ደግሞ እሳቱ ከገደሉ ሥር፣ ከቆላው በኩል ተነሥቶ ሽቅብ እንደወጣ ታየ።

«እና ነጥቧ?» አሉ መኳንንት።

«እሷማ ከካርታው ተነሥታለች።»

«እንግዲያው እኛም አንሥተናል።» ይሥሐቅ ስለ ፍርዱ አልሰማምና ምን እንዳነሡ አልገባውም፤ የነገረውም ሰው አልነበረም።

በታኅሣሥ የመኳንንት እናት በድንገት አረፉ። ወሰንየለሽ ተጠራች። እምቢ ትላለች ያለ ብዙ ነበር፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ መጣች። ሬሳውን ለመያዝ ሰው ይጋፋ ነበር፤ ቃሬዛው ከትከሻ ትከሻ እየተነጠቀ ይሄዳል። አየችና ጀመረች፤

ምነው የዛሬው ሰው ትከሻው በዛሳ፣
ያኔ በነፍስ ሳለ ቃሬዛ ሳይነሣ።

«ሳለች በይ እንጂ፣ ሴት እኮ ናቸው» አለቻት አጠገቧ ያለች ጎረቤቷ በሹክሹክታ።

«ሳለ» አለች ወሰንየለሽ፣ እንደገና፣ ከፍ አድርጋ።

መኳንንት በእንባ ታጥበው ነበር። «ድገሚው፣ ለእናቴ በነፍሷ ሳለች አልደረስኩላትም» አሏት።

ደገመችው። ለቀስተኛው ተቀበለ፤ ግን በአንድ አፍ፣ አርሞ፤ ያኔ በነፍስ ሳለች። ብትደግመው ብትደጋግመው «ሳለች» እያለ እየመለሰ፣ ድምፅዋን በድምፁ ውጦ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዘገመ።