ለእንሽላሊቴ የቀባሁት ቅቤ

ከአበርገሌ ወደ ሰቆጣ መጥቼ በተከራየሁት ክፍል፣ ከግድግዳው ካሌንደር ጀርባ አንዲት እንሽላሊት ትኖር ነበር። ምግብ ቤት ሰሃን አጥቤ ስመለስ ብቅ ትላለች። ዝንብ ይዤ ስዘረጋላት ከእጄ መብላት ለመደች። ሰው ፊት ቃል የሚያንቀኝ እኔ ለእሷ ብዙ አወራ ነበር።

በበጋው ደረቅ ነፋስ መብላት ተወች። ወፍራም የነበረው ጅራቷ ሰለለ። አንድ ቀን ወለሉ ላይ ወድቃ አገኘኋት። አንስቼ ሳያት፣ ጣቶቿ ላይ የሽንኩርት ልጣጭ የመሰለ ነጭ ቆዳ ተጠምጥሟል።

አከራዬ እንሽላሊት አይወዱም፤ ወጥ ውስጥ ከወደቀች ቤተሰብ ትፈጃለች ይላሉ። ስለዚህ አዙሬ ጠየቅኳቸው።

«እማማ፣ ቆዳው ለደረቀበት ምን ይሻላል?»

«ቅቤ ነዋ! ማን ነው የደረቀበት?»

«እግሬ።»

«ምነው እስካሁን ዝም አልሽ!» ብለው ለጋ ቅቤ አምጥተው ተረከዜን ራሳቸው አሹልኝ። የተረፈውን ወስጄ ለእንሽላሊቴ ቀባሁላት።

በማግስቱ ባሰባት። ግድግዳው ላይ ሳስቀምጣት ተንሸራታ ትወርዳለች፤ ጉንዳንም ተሰበሰበባት። በገዛ እጄ እየገደልኳት መሰለኝ። የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ክዳን በስቼ፣ ውስጡ ጨርቅ አንጥፌ፣ ነጠላዬ ስር ይዣት ወደ እንስሳት ክሊኒክ ሄድኩ።

በረንዳው ላይ ሰዎች ፍየሎቻቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። አጠገቤ ያሉ ሽማግሌ ቆርቆሮውን አዩት።

«ምን ይዘሽ ነው?»

«ጫጩት» አልኩ።

«እንዲህ ዝም ያለች ጫጩት! ሞታብሽ እንዳይሆን፣ ክፈቺና እያት።»

ተነስቼ ልሄድ ነበር። «ሞታብሽ» የሚለው ቃል ግን አላስቀምጥ አለኝ፤ ከፈትኩት። ሽማግሌው ዘለው ከፍየላቸው ጀርባ ሆኑ።

«በስመ አብ! ይቺ ናት ጫጩት?»

በረንዳው በሳቅ ተናወጠ። ሐኪሙ ሳቁን ሰምቶ ወጣ። መሬት መሬት እያየሁ ቆርቆሮውን ዘረጋሁለት።

«እንዲህ ያለ አክሜ አላውቅም» አለ፤ ሆኖም ጎንበስ ብሎ አያት። «ምን ቀብተሻት ነው?»

«ቅቤ።»

ሳቁ እንደገና ተነሳ። እሱ አልሳቀም።

«ያረጀው ቆዳ አልወልቅ ብሎ ጣቶቿን አንቋል። ቅቤውን እጠቢላትና፣ ለብ ባለ ውሃ የረጠበ ጨርቅ ውስጥ አቆዪያት። ሲለሰልስ በጥጥ ቀስ እያልሽ አንሺው፤ እንዳትጎትቺ።»

«ትድናለች?»

«እንጃ። ስንቋ ጅራቷ ላይ ያለው ስብ ነው፤ እሱም ሊያልቅ ነው።»

ሽማግሌው ከፍየላቸው ጀርባ ሆነው፣ «እግዜር ይማርልሽ» አሉኝ።

ቤት ስመለስ፣ ሙቅ ውሃ ያለው አከራዬ ምድጃ ላይ ነው። «እግርሽ ገና ነው?» ሲሉኝ መዋሸት አቃተኝ፤ ቆርቆሮውን ከፍቼ አሳየኋቸው።

«ቅቤዬን ለዚች?» ብለው አማተቡ። ትንሽ ቆይተው ግን ውሃውን በጣሳ ቀድተው ከሩቅ አስቀመጡልኝ። «ብቻ ሁለተኛ ወደ ወጥ ቤት እንዳታመጫት።»

ቅቤውን አጥቤ በረጠበ ጨርቅ ሳቆያት፣ ቆዳው እንደ ትንሽ ካልሲ ወለቀ። አንዷ ጣት ጠቁራ ስለነበር አብራ ወደቀች። ግድግዳው ላይ አስጠጋኋት። ሸርተት አለች፤ ከዚያ ያዘች። ዝንቡን ግን እንቢ አለች።

ከዚያ ወዲህ አከራዬ ሳይገቡ በሩ ላይ ቆመው፣ «በላች?» ይሉኛል።

«ገና ነው፣ እማማ።»

አንድ ጠዋት ጭብጣቸውን ዘረጉልኝ። «ይቺን ከማሬ ላይ ነው የያዝኳት። ከዚያ ከምግብ ቤትሽ ዝንብ ሳትሻል አትቀርም።»

ዝንቧን ተቀብዬ ዘረጋሁላት። እንሽላሊቴ ራሷን ቀና አደረገች። እማማ በሩ ላይ፣ እኔ ግድግዳው ስር፣ አንገታችንን አስግገን ቆምን።

ዋጠቻት።