አክስቴ ታሸተው የነበረ እጅጌ

አክስቴ ካረፈች ወዲህ ከላቦራቶሪ ስመለስ የሚጠጋኝ ሰው የለም። ለማስተርስ ጥናቴ ድኝ ባለበት ውህድ ስለምሠራ ሽታው ከልብሴ አይለቅም፤ ባጃጅ ውስጥ ሰው አፍንጫውን ይይዝብኛል። እሷ ግን ሲቀላ ሰፈር ባለው ቤታችን በር ላይ ወንበሯን አውጥታ ትጠብቀኝ ነበር። «ነይ፣ ቅረቢ» ትልና እጅጌዬን ስባ ታሸታለች።

«ዛሬም ይሸታል። አልተጋቡም ማለት ነው።»

እንዲህ ያስለመድኳት እኔው ነኝ። ፓላዲየም የሚባል ብረት አለ፤ እንደ ሽማግሌ ሁለት ውህዶችን አጋብቶ ዞር ይላል፤ ከተጋቡ ሽታው ይጠፋል ብያት ነበር። ችግሩ፣ ድኙ ሽማግሌውን ራሱን ጨምድዶ ይይዘውና ሥራው ይቆማል።

«ታዲያ ሽማግሌውን ማን ያስለቅቀው?» ትለኝ ነበር።

ሕመም አልጋ ላይ ካዋላት በኋላ አንድ ቀን ከነሽታዬ ገባሁ። የውህዱ ጠርሙስ ተደፍቶብኝ ስለነበር ወንድሜ ሮጦ መስኮቱን ከፈተ። እሷ እጅጌዬን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ቆየችና ፊቷ በራ።

«እሰይ! ምንም አይሸትም! ተጋቡ ማለት ነዋ!»

አፍንጫዋ ከድቷት ነበር። ወንድሜ አየኝ፤ እኔም አየሁት።

ዛሬም አልተጋቡም። በሩ ላይ ስደርስ እጄ ሳላስበው ወደ ወንበሯ ይዘረጋል። ሽታው አለ፤ የሚያሸተው የለም።