ወደ ግራ ያዘነበሉት መቀመጫዎች

ዳርሲ ሆልብሩክ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ የሚሠራበት የቆርቆሮ ቤት ከእኔ ጎጆ ሃያ እርምጃ ቢርቅ ነው። ታላቁ ሀይቅ ዳር ነፋስ የማይነቀንቀው ነገር የለም፤ የዳርሲ ቤት ግን ነፋሱ ሲመጣ እንደ ጨዋ ሰው ዝቅ ብሎ ያሳልፈውና ተመልሶ ቀና ይላል። ዳርሲ ሰባ ሁለት ዓመቱ ነው። ከዚያ ውስጥ አርባውን ያሳለፈው በአንድ ሥራ ነው፤ ከላባና ከክር የተሠራች ሐሰተኛ ዝንብ ውሃ ላይ እንደ እውነተኛ የሚያሳርፍ ቀጭን ዘንግ ይሠራል። ሰው በዚህ ሥራ አርባ ዓመት ሊኖር እንደሚችል መጀመሪያ ሳውቅ ሳምንቱን ሙሉ ስደነቅ ሰነበትኩ።

ሌሎች ዘንግ ሠሪዎች አስቀድመው የማጠንጠኛውን፣ ማለትም የክር መጠቅለያውን፣ መቀመጫ ያጣብቃሉ፤ ቀጥለው ክሩ የሚያልፍባቸውን ቀለበቶች ከመቀመጫው ጋር እያስተያዩ ያስራሉ። ዳርሲ ግን ቀለበቶቹን ያስቀድማል፤ ቀጥሎ የቡሽ እጀታውን ያስገባል፤ መቀመጫው የመጨረሻው ነው። ለምን ሲሉት ቤቱ ሳያልቅ ወንበር አይገባም ይላል። ስለዚህ የወር ሥራው የሚያልቀው በአንዲት ቅጽበት ነው። ያቺ ቅጽበት ከተበላሸች ማጠንጠኛው ወደ አንድ ወገን፣ ቀለበቶቹ ወደ ሌላ ወገን ያያሉ፤ ማጣበቂያው ሲደርቅ ደግሞ እንደ ተጣሉ ባልና ሚስት እንደተኮራረፉ ይቀራሉ።

መቀመጫውን የሚጠርበው ሁዎን ጥድ ከሚባል የአገሩ ዛፍ ነው። እንጨቱ ሲላግ ቤቱን የሚሞላው ሽታ ማርም ቅመምም አይደለም፤ በሁለቱ መካከል ያለ ነገር ነው። ሺህ ዓመት የቆመ ዛፍ በመጨረሻ ጣት የምታህል ቁራጭ ሆኖ ማጠንጠኛ ሊያስቀምጥ መምጣቱን ሳስብ ዛሬም አፌን ይዤ እቀራለሁ። ዳርሲ አይደነቅም። የዘንጉን ጫፍ በወረቀት ፕላስተር ይጠቀልላል፤ መቀመጫው ሳይላላም ሳይጠብም እስኪገባ ደጋግሞ ይሞክራል፤ ሲደባለቁ የሚጠነክሩትን ሁለት ዓይነት ማጣበቂያዎች እኩል አድርጎ በስንጥር ያማስላል። ከዚያ በኋላ መናገር ክልክል ነው። ማንቆርቆሪያው እንኳ እንዳይጮህ ከእሳት ይወርዳል። መቀመጫውን እያሽከረከረ ያስገባዋል፤ የደንበኛውን ማጠንጠኛ ይገጥምበታል፤ ዘንጉን እንደ ጠመንጃ ወደ ዓይኑ አንሥቶ በቀለበቶቹ ውስጥ ያልማል። መለኪያ የሚባል ነገር የለውም። መለኪያ ዓይን ለሌለው ሰው ነው ይላል።

ችግሩ ዓይኑ ነበር።

ከሦስት ዓመት በፊት ሻይ ከስኒው አጠገብ መቅዳት ጀመረ። አንድ ጠዋት ደጃፉ ላይ የቆመ ዋላቢ፣ ትንሽ ካንጋሮ፣ አይቶ ጎረቤታችን ኪት መስሎት «እንደምን አደርክ ኪት፣ ግባ እንጂ» አለው፤ ዋላቢው ዘሎ ሲሄድ ተቀይሞ ዋለ። ሚስቱ ግዌንዳ እየጎተተች ሆባርት ከተማ ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። ሐኪሙ የዓይን ሞራ ነው፣ ቀዶ ጥገናው ቀላል ነው፣ ባይዘገይ ግን ይሻላል አለ። ዳርሲ በበረዶ ውሽንፍር በትንሽ ጀልባ ሀይቁን የሚሻገር ሰው ነው፤ ዓይንህ ውስጥ ስለት ይገባል ሲሉት ግን እምቢ ብሎ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ግዌንዳ ለአንድ ዓመት ያህል ወተወተችው። በመጨረሻ መሸታ ቤት ውስጥ፣ ሁላችንም ባለንበት፣ ብርጭቆውን አስቀምጦ ማለ።

«አንድ መቀመጫ ያጣመምኩ ቀን፣ በማግስቱ ሆባርት እወርዳለሁ። እስከዚያ ግን ስለ ዓይኔ ማንም ትንፍሽ እንዳይል።»

ግዌንዳ ቃሉን ተቀበለች። እሷ የምታጠምደው በትል ነው፤ በዝንብ ማጥመድን የአዋቂ ወንዶች በሽታ ትለዋለች። ቀጥ ያለውን መቀመጫ ከጠማማው አትለይም። ስለዚህ አዲስ ዘንግ በወጣ ቁጥር የወሰደውን ሰው እየጠየቀች ልትከታተል ወሰነች።

መጀመሪያ ዘንግ የወሰደው የመንገድ ማስተካከያ ግሬደር የሚነዳው ኪት ብራምሊ ነበር። ዘንጉን ተቀብሎ በቀለበቶቹ ውስጥ ቢያይ ማጠንጠኛው ወደ ግራ ተጋድሟል። በኋላ እንደነገረኝ፣ ዳርሲ ፈተና እንደተፈተነ ልጅ ፊቱን ፊቱን ያየው ነበር። ኪት በሕይወቱ ጨክኖ አያውቅም።

«እንደ ማስመሪያ ነው» አለ። ለግዌንዳም ያንኑ ነገራት።

ሁለተኛው ሰው ኪት የተናገረውን ሰምቶ ነበርና እሱም ዋሸ። ሦስተኛው ሁለቱን ላለማሳጣት ዋሸ። የእኔ ዘንግ ሰባተኛው ነበር። ሳነሣው ማጠንጠኛው አንገቷን እንደሰበረች ወፍ ወደ ጎን አየኝ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ እውነት፣ እውነት እያልኩ ስንቱን የጻፍኩ ሴት፣ ያ ሁሉ ከአፌ ጠፋና «ውብ ነው» አልኩ። ውብም ነበር። ግን ጠማማ ነው።

እንዲህ ባለ ዘንግ መወርወር ይቻላል። ቀለበቶቹ ወደ ታች እንዲሆኑ ግን የእጅን አንጓ ሰበር አድርጎ ክርንን ወደ ውጭ ማውጣት ያስፈልጋል። በሁለት ዓመት ውስጥ አሥራ አንድ ሰው ክንፏ እንደታመመ ዳክዬ ክርኑን አውጥቶ መወርወር ለመደ። ጠዋት ጭጋጉ ሲነሣ ሁላችንም በዳርቻው ተሰልፈን፣ ሁላችንም ወደ አንድ ወገን አዘንብለን ስንወረውር ሳይ፣ ፍቅር በሰው አካል ላይ እንዲህ ቅርጽ ያወጣል እንዴ ብዬ እገረም ነበር። ፍቅር ይሁን ፈሪነት በጊዜው አልለየሁም።

ባለፈው ኅዳር ዴስመንድ ፊርዝ የሚባል ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር ከሜልቦርን መጣ። ሦስት ቀን ደብተሩን ይዞ ሲያየን ሰነበተ። በሦስተኛው ቀን ኪትን «ክርናችሁን ማውጣታችሁ ለምዕራቡ ነፋስ መላ ነው ወይ?» ብሎ ጠየቀው። ኪት ምሥጢሩ እንዳይወጣ ደንግጦ አዎ አለው። ማቆም ሲገባው ደግሞ አያቱም እንዲሁ ይወረውሩ እንደነበር ጨመረለት። የኪት አያት ዳቦ ጋጋሪ ነበሩ፤ ዓሣ የሚያውቁት ተጠብሶ ነው። ዴስመንድ የኪትን ዘንግ አገላብጦ ሲያይ መቀመጫውም ያዘነበለ ሆኖ አገኘው። ደስታው ወሰን አጣ። ከዚያው በቀጥታ ወደ ዳርሲ ቤት ገሠገሠ።

እኔ የላላ ቀለበት ላሠራ ዘንጌን ይዤ እዚያ ነበርኩ። ዴስመንድ ባርኔጣውን አውልቆ ገባ።

«ሚስተር ሆልብሩክ፣ አንድ ዘንግ ቢሠሩልኝ። ማጠንጠኛው ግን ወደ ግራ ያዘነበለ ይሁን፣ ለሁሉም እንደሚያደርጉት።»

ዳርሲ የያዘውን ብሩሽ ቀስ ብሎ አስቀመጠ። «ለማን ነው እንደዛ ያደረግኩት?»

«ለሁሉም ነዋ። የነፋሱን ነገር ኪት አስረድቶኛል። እንዲህ ያለ ጥበብ የትም አላየሁም።»

ዳርሲ ወደ እኔ እጁን ዘረጋ። የፈለገው ገባኝና ዘንጌን ሰጠሁት። ወደ ዓይኑ አላነሣውም። አውራ ጣቱን በማጠንጠኛው እግር ላይ አድርጎ በቡሹ ላይ ቀጥ እያደረገ ነዳው። ጣቱ ቡሹን ጨረሰ፣ በዘንጉ ላይ ቀጠለ፣ የመጀመሪያው ቀለበት መኖር ካለበት ቦታ ደረሰ፤ እዚያ ምንም አልነበረም። ቀለበቱ በስተቀኝ ነበር። ዓይኑ ሁለት ዓመት የደበቀውን ጣቱ በአንድ ትንፋሽ ነገረው። ዴስመንድ ፈገግ ብሎ ደብተሩ ላይ ይጽፋል።

«ስንት ናቸው?» አለኝ ዳርሲ።

«አሥራ አንድ።»

«ሁላችሁም ታውቃላችሁ?»

«ሁላችንም።»

ቢጮህብኝ ይቀለኝ ነበር። በርጩማው ላይ ተቀምጦ ዘንጌን ጉልበቱ ላይ አጋደመው። «እኔ እኮ ያከበራችሁኝ መስሎኝ ነበር» አለ። «ለካ እያባበላችሁኝ ነው።»

ወሬው ከእኔ ቀድሞ መሸታ ቤት ደረሰ። ምሳ ሰዓት ላይ ግዌንዳ መጥታ የሥጋ ፓይ የምንበላበት ጠረጴዛ ራስጌ ቆመች። እያንዳንዳችንን በስማችን እየጠራች የት ቆመን፣ ምን ለብሰን እንደዋሸናት አንድ በአንድ ነገረችን። የእኔ ቀይ ሹራብ እንኳ አልቀረም። ኪት ለደግነት ብለን ነው ሊል ሞከረ።

«ደግነትህን ለውሻህ አድርገው» አለችው። «በጨዋነታችሁ ባሌን ልታሳውሩት ነበር እኮ።»

ፓዩ ቀዘቀዘ።

ዳርሲ ቃሉን ጠብቆ በማግስቱ ሆባርት ወርዶ ተመዘገበ። በወሩ አንዱ ዓይኑ፣ ቀጥሎ ሁለተኛው ተሠራ። ሲመለስ ገና ከመኪና እንደወረደ ቆርቆሮ ቤቱን አረንጓዴ የቀባው ማነው ብሎ ተቆጣ። ግራጫ ነው ብሎ የቀባው ራሱ ነበር። ቀጥሎ አሥራ አንዱንም ዘንጎች አምጡ አለ። ደጃፉ ላይ ተሰልፈን፣ መቀመጫዎቹን በማንቆርቆሪያ እንፋሎት እያለሰለሰ ሲያላቅቅና ሲያቃና፣ ለእያንዳንዱም ለብቻው ስድብ ሲያወጣለት ቆመን ሰማን። ኪት «ክንዴ ለምዶታልና የእኔ ይቅር» ብሎ ለመነ፤ አልተሰማም። በቀናው ዘንግ መወርወር በጀመረበት ሳምንት ያጠመደው ነገር የራሱ ባርኔጣ ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጀመሪያው አዲስ ዘንግ የዴስመንድ ሆነ። አሁንም ያዘነበለ ይሁንልኝ ብሎ በደብዳቤ ለምኖ ነበር፤ ዳርሲ ጠማማ ከፈለግክ ኪትን ቅጠረው ብሎ መለሰለት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በደጁ ሳልፍ ጠራኝ። መቀመጫው ገብቷል፤ ማጣበቂያው ገና እርጥብ ነው። ዘንጉን ሰጠኝና ወደ መስኮቱ ዞሮ ሀይቁን ማየት ጀመረ።

«እስቲ እይው» አለ።

አነሣሁት። በቀለበቶቹ ውስጥ አየሁ። ጠሟል። ብዙ አይደለም፤ ግን ከሁለት ቀዶ ጥገና በኋላም ጠሟል። ትከሻውን ከኋላ አየሁት፤ ቀጭን ነው። ውብ ነው የሚለው ቃል ጥርሴ ድረስ መጥቶ ነበር።

«ወደ ግራ ሄዷል» አልኩ።

«በስንት?»

«በክብሪት እንጨት ውፍረት።»

ዞረ። «በሁለት ነው» አለ። «አውቄ ነው ያጣመምኩት። ኪት ቅድም ገብቶ አይቶ እንደ ማስመሪያ ነው ብሎኝ ወጣ።»

እኔ ሳቄን መያዝ አቃተኝ፤ እሱ አልሳቀም። ዘንጉን በተራራቁ ሁለት ሹካ መሳይ ድጋፎች ላይ አስቀምጦ በቀለበቶቹ ውስጥ እንዳይ አደረገኝ፤ ራሱ መቀመጫውን በሁለት ጣቱ ያዘ። ቁም እስክትይኝ አዞራለሁ አለኝ። ማዞር ጀመረ፤ እኔ ገና ነው አልኩት። ትንሽ ጨመረ፤ አሁንም ገና ነው አልኩት። ከዚያ ቀለበቶቹ አንዱ በሌላው ውስጥ እየገቡ እንደ ውሃ ጠብታዎች አንድ ሲሆኑ፣ ማጠንጠኛውም ከሥራቸው ሲገጥም አየሁ፤ ስደነቅ ቁም የምልበት ጊዜ አለፈኝ።

«አለፍክ» አልኩት። «ፀጉር ያህል መልስ።»

«አሁንስ አበዛሽው» አለ፤ ግን መለሰው።