የጨው ዕቃው በግራ በኩል

ሥራ የገባሁ ዕለት የተሰጠኝ ዕቃ አንድ የእንጨት ማንኪያ ነው። የሰጡኝ ሲኞራ አዴሌ ናቸው፤ ጅቡቲ ከተማ፣ ከወደቡ መንገድ ገባ ብሎ ያለው የስምንት ክፍል ፓንሲዮን ባለቤት። ስልሳ ዓመት የተጠጋቸው፣ ቀጭን፣ ሲናገሩ ዓይን ዓይን የሚያዩ ጣሊያናዊት ነበሩ።

«ግርማ፣ ምግብ የሚሠራ ሰው ሦስት ጊዜ ይቀምሳል» አሉኝ። «ሲጀምር፣ ሲያጋምስ፣ ከወጥ ቤት ከመውጣቱ በፊት። ሌላውን ቀስ እያልክ ትማራለህ።»

እሺ ብዬ ማንኪያውን ደረት ኪሴ ውስጥ ሰካሁት። ዕለቱ ሰኞ ስለነበር እሺ ማለት አልከበደኝም።

ጊዜው 1991 ዓ.ም.፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ነው። የኢትዮጵያ ዕቃ ሁሉ ወደ ጅቡቲ ወደብ ዞሮ ከተማው በከባድ መኪና ሾፌርና በትራንዚተር ተጨናንቆ ነበር። እኔ የሃያ ሰባት ዓመት ሰው ነበርኩ፤ ድሬዳዋ አንድ ሆቴል ውስጥ ሱጎ ሳማስል ኖሬ በባቡር መጣሁና አርሂባ የሚባለው ሰፈር ከአገሬ ልጆች ጋር ክፍል ተጋራሁ። ሲኞራ እስከዚያ ድረስ የሚያበስሉት ራሳቸው ነበሩ። ደም ግፊት ተገኘብዎት፣ ጨው እንዳይቀምሱ፣ ብዙ እንዳይቆሙ ብሎ ሐኪም ሲከለክላቸው ነው ሰው የፈለጉት።

ቤቱ የሚተዳደረው፣ ወንድማቸው ጣሊያን ገጠር ውስጥ በያዙት ማረፊያ ልክ ነበር። ፎቅ ላይ ይተኛል፣ ምድር ላይ ይበላል። ገበታው አንድ ረጅም ጠረጴዛ ነው። ሜኑ የሚባል ነገር የለም፤ የዕለቱን ሁሉም ይበላል። አንድ ፈረንሳዊ መሐንዲስ ሜኑ ቢጠይቃቸው «እናትህ ቤት ሜኑ ነበር?» አሉት። ሰውየው ስቆ በላ፤ ከዚያ በኋላ ለሥራ በመጣ ቁጥር የሚያርፈው እኛ ዘንድ ሆነ።

ወጥ ቤት ውስጥ ሁለት ነበርን። እኔ ምድጃው ላይ፣ ፋዱማ ደግሞ ገበያውና ሰላጣው ላይ። ፋዱማ ካርቲየ 3 የሚባለው ሰፈር ሴት ናት፤ ከእኔ ዐሥር ዓመት ትበልጣለች። የምንግባባው ድሬዳዋ በለመድኩት ሶማሊኛ ነው፤ ከሲኞራ ጋር ደግሞ እዚያው ሆቴል በቃረምኩት ጣሊያንኛ። ዓሣ ሻጮቹ ገና ከሩቅ ሲያዩዋት ዋጋ ይቀንሱ ነበር፤ ምላሷን ስለሚያውቁት።

ረቡዕ ደረሰ። የዕለቱ ምግብ ዓሣ በቅቤና በወተት ነበር። እኔ ረቡዕና ዓርብ ከልጅነቴ ጀምሮ ጿሚ ነኝ። ማንኪያውን አወጣሁ፣ ወደ አፌ አስጠጋሁ፣ መልሼ አስቀመጥኩት።

«ወላል» አለችኝ ፋዱማ፣ ወንድሜ ማለቷ ነው፤ «ማንኪያው እኮ ባዶ ነው።»

ነገርኳት። ሳቀችብኝና ማንኪያውን ከእጄ ወስዳ ቀመሰች፤ ጨው ቆንጥራ ጨመረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በእኔ ጾም የምትቀምሰውም ጨው የምትጨምረውም እሷ ሆነች። ሳንፈራረም ሕግ ሆኖ ጸና።

ሲኞራ ምግቡ ከመውጣቱ በፊት ሳህን በምናሳልፍባት ትንሽ መስኮት በኩል ብቅ ብለው «ቀመስከው?» ይሉኛል። እኔም «አዎ፣ ሲኞራ» እላለሁ። በመጀመሪያው ረቡዕ ያልኩት ፈርቼ ነው፤ የማይቀምስ አብሳይ ማን ይፈልጋል ብዬ። በሁለተኛው ያልኩት በመጀመሪያው ስላልኩ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን አፌ ራሱ ይለው ነበር።

ዓመት ሊሞላኝ ሲል የነቢያት ጾም ገባ፤ ብዙ ሳይቆይ ረመዳንም ገባ። አንዱ ወጥ ቤት ውስጥ ክርስቲያኑም ጿሚ፣ እስላሟም ጿሚ ሆንን። ያን ጊዜ ቁጭ ብለን መነጋገር ነበረብን። አልተነጋገርንም፤ ሁለታችንም ሥራችንን የምናውቅ መስሎን ነበር።

አንድ ቀን ለምሳ ላዛኛ ታዘዘ። እንግዳው ከስምንቱ ክፍሎች አምስቱን ለመርከብ መኮንኖች በየወሩ የሚይዝልን የመርከብ ወኪል ነው፤ ሁለት ካፒቴኖችም ይዞ መጥቷል። እሱ ከሄደ ቤቱ እንደማይቆም እናውቃለን። የሥጋውን ሱጎ ጠዋት ጣድኩ። ፋዱማ ጾመኛ ናት፣ ዛሬ መቅመስ አትችልም ብዬ አሰብኩና ጨውን በዓይን ለክቼ ጨመርኩ። ሽንኩርት ላወርድ ጓዳ ስገባ ፋዱማ መጣች። የግርማ ጾም ነው፣ ጨው የእኔ ነው ብላ አሰበችና እሷም በዓይን ለክታ ጨመረች። ሁለታችንም ሌላውን ላለማስቸገር ብለን ነው።

ሲኞራ በመስኮቷ ብቅ አሉ። «ቀመስከው?»

«አዎ፣ ሲኞራ።»

ከመጀመሪያው ጉርሻ በኋላ አንደኛው ካፒቴን ውኃ ጠጣ፣ ሌላ ቀዳ፣ ጠጣ። ወኪሉ ሹካውን ሳህኑ ጠርዝ ላይ አስቀምጦ ናፕኪኑን አጠፈ። ሲኞራ ሳህኑን ይዘው ወደ ወጥ ቤት ገቡና ፊቴ አኖሩት።

«ብላ» አሉኝ።

አልበላሁም። ፋዱማ እሷም ጨው እንደጨመረች ተናገረች፤ እኔም የቀረውን ሁሉ፣ ከመጀመሪያው ረቡዕ ጀምሮ ያለውን፣ ነገርኳቸው። ሲኞራ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ያናደደኝ ጾምህ አይደለም» አሉ። «በየቀኑ እጠይቅሃለሁ፤ በየቀኑ አዎ ትለኛለህ። እኔ መቅመስ አልችልም። ያለኝ ያንተ አዎ ብቻ ነበር።»

እጃቸውን ዘረጉ። ማንኪያውን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋቸው። እውነቱን ልናገር፣ ቢያባርሩኝ ይቀለኝ ነበር።

አላባረሩኝም፤ ክፍሎቹ ላይ መደቡኝ። አልጋ ማንጠፍን እንደ ቀላል ነገር የሚያይ ሰው አንጥፎ አያውቅም። አንሶላው መጀመሪያ ከእግር በኩል ይታጠፋል፣ ከዚያ ማዕዘኑ ይያዛል፣ ከዚያ በመዳፍ ከመሐል ወደ ዳር ይሳባል። በጅቡቲ ሙቀት እንግዳው አልጋው ላይ አንዲት እጥፋት ከነካው አይተኛም። ስምንት ክፍል፣ በየቀኑ። ተማርኩት።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ከታች የሚሰማው ነው። ሲኞራ ወደ ምድጃው ተመልሰው ነበር። ወኪሉን ለምነው አስቀሩት፤ እየቆሙ ያበስላሉ፣ የተከለከሉትን ጨው ይቀምሳሉ። ለፋሲካ እግራቸው አብጦ ጫማ እንቢ አለ፤ የወንድ ነጠላ ጫማ አድርገው ይሠሩ ጀመር። በአጠገባቸው ሳልፍ አንሶላዬን ፊቴ ድረስ ተሸክሜ ነበር የማልፈው። ፋዱማ ግን «አንሶላው ምን አደረገህ? ሂድና አናግራቸው» ትለኝ ነበር። ምን ብዬ?

በንዳዱ ወራት ፓንሲዮኑ ይዘጋል፤ ሲኞራም አገራቸው ይሄዳሉ። የዚያን ዓመት አስጠሩኝ። «እግሬ አልታዘዝ ብሎኛል፤ ሻንጣ የሚይዝልኝ ሰው እፈልጋለሁ» አሉ። ቪዛው በስንት ምልልስ ተገኘ፤ በነሐሴ መጀመሪያ ሄድን።

ከተማቸው ኮረብታ ላይ የተቀመጠች ትንሽዬ የድንጋይ ከተማ ናት። አንድ አደባባይ፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ ማረፊያ አላት። ዙሪያዋን ወይንና ስንዴ ነው። የወንድማቸው ቤት ፎቁ ላይ ሰባት ክፍል፣ ታች አንድ ረጅም ጠረጴዛ ነበረው። አይቼው ሳቄ መጣ፤ የጅቡቲው ቤት ከነወንበሩ አቀማመጥ የዚህ ግልባጭ ኖሯል። አልጋ አንጣፊው ሰውዬ ሌላ ሰው ያነጠፈው የብረት አልጋ ላይ ተኛሁ። ጠዋት ልነሣና ላንጥፍ ስል የወንድማቸው ሚስት በር ላይ ሆና፣ ያ የእሷ ሥራ እንደሆነ በእጇ ምልክት አሳየችኝ።

ሲኞራ ምግቤን ወጥ ቤት ሳይሆን ገበታው ላይ እንድበላ አዘዙ። በዕድሜዬ ሆቴል ጠረጴዛ ላይ እንግዳ ሆኜ ስቀመጥ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ገበሬው፣ ፖስተኛው፣ ከሩቅ የመጣው ባልና ሚስት ሁሉም ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ የመጣላቸውን ይበላሉ፤ ለመነሣት የሚቸኩል የለም። ክፋቱ የእኛ ፍልሰታ ገብቶ ነበር። ሥጋው መጣ፣ አለፍኩት። አይቡ መጣ፣ አለፍኩት። ዳቦና ቲማቲም በላሁ። በሦስተኛው ቀን ወንድማቸው ተቀይመው፣ ምግባችን አልጣመውም ወይ ብለው ሲኞራን ጠየቁ። ሲኞራ ቀና ብለው አዩኝ።

በሳምንቱ በከተማዋ የማርያም በዓል ደረሰ። እኛ የምንጾምላትን ማርያም እነሱ በዚያ ቀን በትልቅ ድግስ ያከብሯታል። በዋዜማው ሥራ የለመደ እጄ አልቀመጥ ብሎኝ ወጥ ቤት ገባሁ። ምድጃው ላይ የሲኞራ አክስት ዚያ ኢዳ ነበሩ፤ ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል፣ ለቤቱ ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲያበስሉ የኖሩ ናቸው። ለነገው ድግስ የሥጋ ሱጎ ጥደዋል። ሽንኩርት ሰጡኝ፤ ከተፍኩ።

ጨው የሚያስቀምጡት በአንድ የሸክላ ዕቃ ነው፤ ከምድጃው በስተቀኝ። በአንዲት ጠርዟ በተሸረፈች ፍንጃል ለክተው አንድ ጊዜ ጨመሩ። ከዚያ የጨው ዕቃውን አንሥተው በስተግራ አስቀመጡት። ጥቂት ቆይታ የወንድምየው ሚስት ገባች፣ ድስቱን ከፈተች፣ ዓይኗን ወደ ዕቃው ጣል አደረገች። በግራ መሆኑን ስታይ ከድናው ወጣች። አንድ ቃል አልተናገሩም። እኔ ቢላዬን ይዤ ቀረሁ። ያን ነገር የዛሬ ስምንት ወር ባውቀው ኖሮ!

ሲኞራ በሩ ላይ ቆመው ነበር። እንደ ልማዳቸው «ቀመስሽው?» አሏቸው አክስታቸውን።

«ዛሬ ዋዜማ አይደል እንዴ?» አሉ ዚያ ኢዳ ዞር ሳይሉ። «በዋዜማ ሥጋ ቀምሼ አላውቅም። አንቺ ልጅ ሆነሽም አልቀምስም ነበር።»

ከዚያ ከኋላ ምድጃ ትንሽ ድስት አወጡ። ሽምብራና አጭር ፓስታ፣ በዘይት፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በጥብስ ቅጠል። ለራሳቸው የሠሩት የጾም ምግብ ነው። ሁለት ሳህን ሞሉ፤ አንዱን እኔ ፊት አደረጉ። የአገሬ ጥብስ ቅጠል ሲሸተኝ ዓይኔ እንባ ሞላ፤ በሽንኩርቱ አመካኘሁ።

ሲኞራ ገብተው አጠገቤ ተቀመጡ። «እሷ ግን ዋሽታኝ አታውቅም» አሉ።

«አልዋሸችዎትም፣ ሲኞራ። እኔ ነኝ የዋሸሁት።»

«ጅቡቲ ስንመለስ ስጠይቅህ ያለውን ትነግረኛለህ።»

«እነግርዎታለሁ።»

ሽምብራውን ጨርስ ብለውኝ ተነሡ። ጅቡቲ የገባን ማግስት ማንኪያው መክተፊያው ላይ ተቀምጦ አገኘሁት።

ፋዱማ ከገበያ የሸክላ ዕቃ ገዛች። ሕጉን ስነግራት «ይኸው ነው? ለዚህ ነው ባሕር የተሻገርከው?» ብላ ቀለደችብኝ፤ ሕጉን ግን ከእኔ ይልቅ ያጠበቀችው እሷ ናት። በቀኝ ከሆነ ጨው አልገባም። በግራ ከሆነ ገብቷል፣ ማንም አይነካም። ሁለታችንም የምንጾምበት ቀን ሲሆን በፍንጃል ይለካል። ሲኞራ ደግሞ ረቡዕና ዓርብ ከዋናው ምግብ ጋር የሽምብራ ፓስታ እንዲሠራ ፈቀዱ። ወሬው ሾፌሮቹ ዘንድ ደረሰና በጾም ቀን ረጅሙ ጠረጴዛ ግማሹ የአገሬ ሰው ይሆን ጀመር። ካፒቴንና የከባድ መኪና ሾፌር ጎን ለጎን ተቀምጠው ዳቦ ሲቀባበሉ አይቻለሁ።

እንዲህ ሆነን ዐሥራ ስድስት ዓመት ሠራን። ሲኞራ ሰማንያ ሊደፍኑ ጥቂት ሲቀራቸው ቤቱን ለሌላ ሰው አስረክበው ለዘለቄታው አገራቸው ሊገቡ ሆነ። የመጨረሻው ምሳ ረቡዕ ላይ ዋለ። እንግዶቹ ላዛኛ ጠየቁ፤ የሥጋ ሱጎ ጣድኩ። ፋዱማ ዓይኗን ልትታከም ሄዳ አልነበረችም። የጨው ዕቃው በግራ ነው። ሲኞራ በመስኮቷ መምጣቱን ትተው በከዘራ እየተደገፉ ወጥ ቤት ገቡ።

«ቀመስከው?»

«አልቀመስኩም፣ ሲኞራ። ረቡዕ ነው።»

እጃቸውን ዘረጉ። ማንኪያውን በወሰዱብኝ ቀን እንደዘረጉት ነው የዘረጉት። ማንኪያውን ከኪሴ አወጡ፣ ከሱጎው ጨለፉ፣ እፍ ብለው ቀመሱ። ከዚያ ማንኪያውን በሽርጤ ጠርገው መልሰው ኪሴ ውስጥ ሰኩት።

«ይውጣ» አሉ።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ለሥራው አዲስ ለሆነ ሰው የምለው ይህን ነው። አንድ ድስት ውስጥ ጨው የሚጨምር እጅ አንድ ይሁን፤ ከጨመረ በኋላም ዕቃውን በግራ ያስቀምጥ። ያልቀመስከውን አልቀመስኩም በል።