የአባወራው ስም

እማዬ ስለ እህቴ የምታወራው ሱፍ ስትፈትል ብቻ ነበር። እጇ ሥራ ካልያዘ አታነሳትም፤ እኔም ደፍሬ አልጠይቃትም።

በሰባ ሰባቱ ድርቅ አባቴ ሲሞት እኔ ገና ጡት አልጣልኩም፤ እህቴ የወተት ጥርሷን መንቀል ጀምራ ነበር። እማዬ እኔን አዝላ፣ እሷን በእጇ ይዛ፣ መንዝ ውስጥ ከዘመሮ በላይ ካለው ቀያችን እርዳታ ወደሚታደልበት ሜዳ ወረደች። እዚያው ሜዳ ላይ መንግሥት ሰው እየመዘገበ ወደ ምዕራብ ለሰፈራ ይልካል። ጎረቤቶቻችን፣ ልጅ ያልወለዱ ባልና ሚስት፣ ሊመዘገቡ ተሰልፈው አገኘቻቸው። “አንዷን እንኳ እናትርፍልሽ” አሏት። ሰጠቻቸው። በኋላ መንግሥት ተለውጦ ብዙ ሰፋሪ ሲመለስ እነሱ አልተመለሱም፤ የት እንደደረሱ የሚያውቅ ሰውም አልተገኘም።

አምና የእማዬ ዓይን እየደከመ መጣ። “ሳልሞት ልጄ የት እንደወደቀች ልወቅ” አለችኝ። ይህ አልበቃ ብሏት “ዓለም ከተማ ተቀምጠህ የሰው አገር ንጉሥ ታሪክ ታስተምራለህ፣ የእህትህን ግን አታውቅም” ብላ ጨመረችበት። የታሪክ መምህር ነኝ፤ ነገሩ ዘልቆ ወጋኝ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ የድሮ የሰፈራ ፋይሎች የተሰበሰቡበትን የመንግሥት ቤተ መዛግብት አጠያይቄ ሄድኩ።

ቤተ መዛግብት የትዕግሥት ቦታ ነው፤ እኔ ደግሞ ትዕግሥት አልፈጠረብኝም። ቦርሳህን በር ላይ ትተዋለህ፤ እስክሪብቶህን ተቀብለው እርሳስ ይሰጡሃል፤ ከዚያ ካርቶኑ እስኪወጣ ቁጭ ነው። ሠራተኛዋ “የአባወራው ስም ማን ይባላል?” አለችኝ። የአባቴን ስም ነገርኳት። አቧራው እያስነጠሰኝ፣ የደበዘዘ የካርቦን ግልባጭ ሳገላብጥ ሰነበትኩ። በእህቴ ስም የሚጠሩ ሴት ልጆች ሞልተዋል፤ የአባቴ ልጅ ግን አንዷም አይደለችም። ሰውን ያህል ነገር ጭነው ሲወስዱ መጻፍ ያቃታቸው መሰለኝና በግኜ ወጣሁ።

መንዝ ተመልሼ “የለችም” ስላት እማዬ እንዝርቷን አስቀመጠች።

“በማን ስም ነው የፈለግካት?”

“በአባቷ ነዋ።”

“በሱ አታገኛትም” አለች፣ መሬት መሬቱን እያየች። “ወላጁ አብሮት ያልሆነን ልጅ ለብቻ ይወስዱታል እየተባለ ይወራ ነበር። የወሰዳት ሰውዬ እንዳይነጥቁት ፈርቶ የአብራኬ ክፋይ ነች ብሎ አስጻፋት።”

ይህን ሁሉ ዘመን ለማንም ተናግራው አታውቅም። እንዝርቱን አንስቼ እጇ ላይ አኖርኩላት።

ቤተ መዛግብቱ ተመልሼ በጎረቤታችን ስም ሳስፈልግ ፋይሉ ወዲያው ተገኘ። አባወራ፣ ሚስት፣ ልጅ። የእህቴ ስም፣ ቀጥሎ እንደ አባት የሌላ ሰው ስም። ከቅጹ ሥር ሰውዬው ለሰፈራ ጣቢያው ኃላፊ ያስጻፈው ማመልከቻ ተያይዟል። ልጅቱ የእሱ እንዳልሆነች፣ እናቷ መንዝ እንዳለች፣ እናቴ ጋ ውሰዱኝ እያለች እህል አልቀምስ እንዳለች ይገልጽና ወደ አገሯ የምትመለስበት ዘዴ እንዲፈለግላት ይለምናል። ኅዳጉ ላይ መልሱ በቀይ ቀለም ተጽፏል። የእሱ ልጅ መሆኗን ሲመዘገብ በራሱ ቃል ስላረጋገጠና ሌላ እናት እንዳላት የሚያሳይ ማስረጃ ስላልቀረበ ጥያቄው ተቀባይነት አላገኘም ይላል። በቀጣዩ የነዋሪዎች ዝርዝር ላይ ስሟ ተሰርዞ አጠገቡ “በወባ የሞተች” ተብሏል። ከዚያ ወዲያ ፋይሉ ውስጥ ወረቀት የለም። እዚያው ሰው መሀል አለቀስኩ፤ ሠራተኛዋ አይታ እንዳላየች ሆና ፊቷን አዞረች።

ሞቷን ማርዳቱ እንደፈራሁት አልከበደኝም። እማዬ አማተበችና “እሱንማ ልቤ ያውቀው ነበር” አለች። ቄሱ ለፍትሐቱ እንዲጠሩበት የክርስትና ስሟን ነገረችኝ፤ እኔ የሰማሁት ገና ያኔ ነው። ከዚያ “ሌላስ ምን ይላል?” ስትለኝ ማመልከቻውን ልደብቃት ቃጣኝ። ደግሞ የልጇ ነገር ነው፣ ምን መብት አለኝ ብዬ በእርሳስ የገለበጥኩትን ከኪሴ አወጣሁና ከነመልሱ አነበብኩላት።

“ሌላ እናት እንዳላት ማስረጃ የለም አሉ?”

“እንደዚያ ነው የጻፉት።”

“እውነታቸውን ነው” አለች።

“ምን ማለትሽ ነው እማዬ፣ አንቺ እያለሽ?”

“የተመዘገቡ ዕለት ጸሐፊው እኔንም ጠይቆኝ ነበር። ለልጅቱ ምኗ ነሽ አለኝ። እሷ ቀሚሴን ይዛ ቆማለች። ጎረቤቷ ነኝ አልኩት። ይሄኔ ቀና ብላ አየችኝ፤ ቀሚሴንም ለቀቀችኝ።”